በቀን የሚታይ ኮከብ

ቲጃኒ አባቦራ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የልብስ ሰፊዎች ረድፍ መጨረሻ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ባሕርና መርከብ የተሳለበት አቡጀዲ ተወጥሯል። ቡናውን ሸጦ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ሰቃ የሚመለስ ገበሬ ሚስቱን አስከትሎ ይገባና፣ በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ባሕር ፊት ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። የኋለኛው ክፍል መስኮት የለውም። ቲጃኒ ፎቶ የሚያጥበው እዚያ፣ በቀይ አምፖል ብርሃን ነው።

ሙያውን የተማረው ከአንድ የየመን ሰው ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ሰውየው ዕቃውን ትቶለት አገሩ ገባ። ቲጃኒ ያኔ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ፊቱ እንደሚቆለፍ ስለሚያውቅ፣ በኦሮምኛ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ እየጠየቀ ያዘናጋውና ፊቱ ሲፈታ ያነሳዋል። "ቲጃኒ ያነሳው ሰው ራሱን ይመስላል" ይሉ ነበር የሄርማታ ሰዎች።

ሚስቱ ዘይቡ እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ ትሸጣለች። ያላቸው ልጅ አንዲት ሐጂራ ብቻ ናት። ሐጂራ ቀን ቀን እንደማንኛውም ልጅ ትሮጣለች፣ ገመድ ትዘላለች፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ከቁርአን ቤት ስትመለስ ቦይ ውስጥ ትወድቃለች፤ የገዛ ቤታቸውን በር በእጇ እየዳበሰች ትፈልጋለች። ዘይቡ መጀመሪያ ቅልብልብ ናት ብላ ተቆጣቻት። በኋላ ጎረቤቶች "ዳፍንት ነው፤ ጉበት አብዪያት" ሲሏት የፍየል ጉበት እየጠበሰች አበላቻት፣ በትኩስ ጉበት እንፋሎት አጠነቻት። ምንም ለውጥ አልመጣም።

በ1968 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል የረመዳን ጾም የሚፈታበት ምሽት ደረሰ። ሰው ሁሉ የኢድ ጨረቃን ፍለጋ መንገድ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ያንጋጥጣል። ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር ሰማዩ ጥርት ብሏል። በድንገት አንዱ "ያቻት!" ሲል ሌላውም "ያቻት! ያቻት!" እያለ ተቀባበለው። ሐጂራም በአባቷ ጎን ቆማ ጣቷን ዘርግታ "አየኋት! አየኋት!" አለች። ቲጃኒ ዝቅ ብሎ ጣቷን ተከተለ። የሚያመለክተው የመስጊዱን ግድግዳ ነበር።

እቤት ገብተው ፋኖሱ አጠገብ ሲቀመጡ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"ሐጂራ፣ ጨረቃዋን አየሻት?"

"አዎ፣ አባ።"

"ምን ትመስላለች?"

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። "ሁሉም ሰው አየሁ ሲል እኔ ብቻዬን አላየሁም ልበል?"

ቲጃኒ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ አቀፋት። ጥቂት ካለቀሰች በኋላ ፊቷን አባቷ ደረት ላይ እንደቀበረች ተናገረች። "ጨረቃንስ ግድ የለም፣ አንዳንዴ ጠዋት ጠዋት ሰማይ ላይ ስትቀር አይቻታለሁ። ኮከብን፣ ኡርጂን ነው አንድም ቀን ያላየሁት። ልጆቹ ብዙ ነው ይላሉ። ኮከብ ምን ያህላል፣ አባ? ጤፍ ያህላል? የቡና ፍሬ ያህላል?"

ቲጃኒ ዕድሜ ልኩን ከራሱ በላይ ያየውን ነገር ምን እንደሚመስል መናገር አቃተው። "ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" ብቻ አላት።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። በትንሽ መብራት የልጅቷን ዓይኖች እያፈራረቀ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ዘይቡንና ሐጂራን ውጭ እንዲቀመጡ አድርጎ ቲጃኒን ብቻውን አስቀረው።

"ይኼ በጉበትም ሆነ በቪታሚን የሚድን ዳፍንት አይደለም። በሽታው ከዓይኗ ጀርባ ነው። አብሯት የተወለደ ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም። እዚህም የለም፣ አዲስ አበባም ቢሄዱ የለም።"

"የሚያስቸግራት ማታ ብቻ ነው፣ አይደል ዶክተር?"

"ለጊዜው። እያደር ግን በቀንም እይታዋ ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻ..." ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። "መቼ እንደሚሆን ልነግርዎት አልችልም። ጥቂት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ብዙም ሊሆን ይችላል። ልዋሽዎት አልፈልግም።"

ቲጃኒ ማታ ልጅቷ ስትተኛ ለዘይቡ ነገራት። "ሌንሱ ደህና ነው። ከኋላ ያለው ፊልም ነው ከጠርዙ እየተበላሸ ያለው" አላት። ሌላ የሚያስረዳበት ቋንቋ አልነበረውም።

"ፊልም ይለወጣል" አለች ዘይቡ።

ቲጃኒ ፋኖሱን አጠፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ሆነ። ልጁ በቀን ታያለች፤ ስለዚህ ኮከቡን በፎቶ ወረቀት ላይ አድርጎ በቀን ያመጣላታል። ዓይኗ ሳይዘጋ ሰማዩን በሙሉ ያሳያታል። ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም። ለዘይቡ ሲነግራት ትከሻዋን ሰብቃ "አላህ ያግዝህ" አለችው።

በህዳር፣ ደመናው ተጠርጎ ሲወጣ፣ ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አድርጎ ግቢው መካከል ተከለ። የካሜራውን ዓይን ከፍቶ ትቶት ገባና ራቱን በልቶ ተመልሶ ዘጋው። ፊልሙን ሲያጥበው በላዩ ላይ የተጫረ የሚመስል መስመር ብቻ ሞልቶበታል። የተበላሸ ፊልም መሰለውና ሌላ ሞከረ። ያም እንደዚያው ሆነ። አንዱን አጥቦ ለሐጂራ ሲሰጣት ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና "ይኼ ዝናብ ነው" አለች።

"ዝናብ አይደለም፣ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ፤ ኮከብ ነው።"

"ኮከብ እንደዚህ ይዘንባል?"

ቲጃኒ ማቆሚያውን በድንጋይ አስደግፎ፣ ዶሮዎቹን አስሮ፣ ዘይቡ በግቢው እንዳትረማመድ ለምኖ እንደገና ሞከረ። መስመሮቹ አልጠፉም። ፎቶዎቹን ደርድሮ ሲመለከታቸው ሁሉም መስመር በአንድ ወገን እኩል ጎብጦ አገኘው። ያኔ ገባው። ካሜራው ቆሞ ሳለ ሰማዩ ይዞራል።

ነጥቡን በነጥብነቱ ለመያዝ የካሜራው ዓይን ለአፍታ ብቻ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። በአፍታ ደግሞ በእጁ ያለው ፊልም ምንም አይቀበልም፤ ጥቁር ወረቀት ብቻ ይወጣል። ያ በጋ በዚህ አለፈ። በክረምቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር በኩል ብርሃን ቶሎ የሚቀበል ፊልም አስመጣ። የየመኑ ሰው ትቶት የሄደውን ሰፊ ሌንስ ከሣጥን አውጥቶ ወለወለው። ፊልሙን ማጠቢያው ውስጥ ከልማዱ በላይ አቆይቶ ማውጣትን ለመደ። እንዲያም ሆኖ በወረቀቱ ላይ ከሚወጡት ነጭ ነጥቦች የትኛው ኮከብ፣ የትኛው አቧራ እንደሆነ ለመለየት አንዱን ሰማይ ሁለት ሁለቴ እያነሳ ማስተያየት ነበረበት። ዘይቡ አንድ ቀን ጨለማው ክፍል በር ላይ ቆማ "የሐጂራ አባት፣ ሌላው የሙሽራ ፎቶ ያነሳል፤ አንተ አቧራ ታነሳለህ" አለችው። ስቆ ወደ ማጠቢያው ተመለሰ። በዚያ ዓመት ሲስቅ ካዩት ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ነው።

በ1969 ታኅሣሥ ለገበሬ ማኅበር አባላት መታወቂያ ጉርድ ፎቶ እንዲያነሳ ወደ አጋሮ ወረዳ ተላከ። አገሩ በሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ቡና ስለሆነ ከሥሩ ሆኖ ሰማይ ማየት አይቻልም። የቡና ማስጫው ሜዳ ግን ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። የማስጫው ጠባቂ አባባ አብተው ይባላሉ፤ ከጎጃም ለቡና ለቀማ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ጋቢያቸው የማይለያቸው ሽማግሌ። ቲጃኒ ማቆሚያውን ተሸክሞ ሲመጣባቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

"ምን ልታነሳ ነው በዚህ ጨለማ? ሰው የለ፣ ከብት የለ።"

"ኮከብ ነው፣ አባባ።"

"ኮከብ ምን ያደርግልሃል?"

"ልጄ ማታ ማታ አታይም። በቀን ላሳያት ብዬ ነው። እርስዎ ከፈቀዱልኝ ቶሎ ጨርሼ እሄዳለሁ።"

አባባ አብተው ወደ ጎጇቸው ሄደው የሚሞቁትን እሳት በአፈር አዳፈኑት። "ብርሃኑ እንዳይሻማብህ" አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው በብርድ ተቀመጡ። ቲጃኒ እስኪጨርስ እሳቱን መልሰው አላቀጣጠሉም።

በዚያ ሜዳ ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ተሳኩለት። ልጅ ሳለ ቁርአን ቤት ስማቸውን የሰማቸውን ሁሉ አገኛቸው፤ እንደ እፍኝ ጥራጥሬ አንድ ላይ የተበተነችውን ሱረያን፣ ወገቡ ላይ ሦስት ኮከብ በአንድ መስመር የታጠቀውን ጀውዛን፣ ከሁሉ የምትበራውን ሺዕራን። አጉልቶ፣ በትልልቅ ወረቀት አጥቦ፣ ጅማ ሲመለስ በቀጥር ሐጂራን ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ጭኗ ላይ ዘረጋላት።

ሐጂራ አጎንብሳ አየች። እይታዋ ከዳር መጥበብ ጀምሮ ስለነበር ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አታየውም፤ ፊቷን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያደረገች ታዞራለች።

"ይኼ ሁሉ?" አለች።

"ይኼ አንዲት ጥጉ ብቻ ናት።"

"እናንተ ይኼን ሁሉ እያያችሁ ነው ዝም ብላችሁ የምትተኙት?"

ዘይቡ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዞር ብላ ገባች።

"ትልቋ የቷ ናት?" አለች ሐጂራ። ሺዕራን አሳያት። ጣቷን በላይዋ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ "ሌላውስ?" አለች።

"ሌላው በየወራቱ ነው የሚወጣው። የመስከረም አለ፣ የየካቲት አለ። ሁሉንም አመጣልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

ልጅቷ ፎቶዎቹን ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ጀመረች። አንዳንዴ ኔጌቲቩን ራሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያሳያት ነበር፤ እዚያ ላይ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቦቹ ጥቁር ናቸው። ሐጂራ ይኼ በጣም ያስቃታል። ቲጃኒ የካቲትንና መጋቢትን ጨምሮ አነሳ። ከዚያ ዝናብ ገባና እስከ መስከረም ሰማዩ ተዘጋ።

በዚያ ክረምት የሐጂራ ዓይን ባሰበት። ሣህን ከፊቷ ተቀምጦ ከጎኑ ያለውን ብርጭቆ አታይም። በቀን እየተደናቀፈች መውደቅ ጀመረች። ቲጃኒ የሰማዩን ደመና እያየ ይቆጫል። ከተማውም ሌላ ከተማ ሆኗል። ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ማታ ተኩስ ይሰማል፤ ጠዋት እገሌ ተወሰደ ይባላል። የቀበሌ ጥበቃዎች መሣሪያ ይዘው ይዞራሉ። ተማሪዎች ወደ ፎቶ ቤቱ መምጣት አቁመዋል። ከሰፊዎቹ ረድፍ ሱቅ ያላት ወርቅዬ አንድ ልጅ ነበራት፣ ዓለምብርሃን የሚባል። ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ የተነሳው ቲጃኒ ዘንድ ነበር። እሱም ከቤት መውጣት ትቷል ተባለ።

በ1970 ጥቅምት ሐጂራ አባቷን አንድ ነገር ጠየቀችው። እናቷ ከሱብሂ ሶላት በፊት ስትነሳ "ባካልቻ ወጥታለች" ትላለች። "እማ የምትነሳባት ኮከብ የቷ ናት? እሷን አሳየኝ" አለችው። ባካልቻ የንጋት ኮከብ ናት፤ ከምሥራቅ ዝቅ ብላ ነው የምትታየው። ከግቢው የጎረቤት ቤትና የአቮካዶ ዛፍ ይጋርዷታል። ቲጃኒ የገዛ ግቢዬ ነው፣ መንገድ አልወጣሁ ብሎ አሰበ። ሰዓት እላፊው ሳያበቃ፣ ወገግ ሊል ሲል፣ ካሜራውን አንግቶ ቆርቆሮው ላይ ወጣ።

ከታች "አንተ! ውረድ! እጅህን አንሳ!" የሚል ድምፅ ሰማ። የጥበቃዎቹ መሪ ጎሳዬ ነበር። ጎሳዬ የሰፈር ሰው ነው፤ ሰርጉን ያነሳለት ቲጃኒ ራሱ ነው። እስከዚያ ጠዋት ድረስ "ጋሽ ቲጃኒ፣ እንደምን አደሩ" እያለ ነበር የሚያልፈው።

ቤቱን ፈተሹት። ጨለማውን ክፍል ሲያዩ፣ ቀዩን አምፖል ሲያዩ፣ መስኮት እንደሌለው ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ካሜራውን፣ ሌንሱን፣ ለዓመታት የተጠራቀመውን ኔጌቲቭና ጨለማው ክፍል ውስጥ ያገኙትን ፎቶ በሙሉ በጆንያ ጠቅጥቀው ወሰዱ። ቲጃኒንም እጁን የኋሊት አሥረው ወሰዱት። ዘይቡ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሐጂራ ገና ስላልነጋ የሚሆነውን አላየችም፤ "አባ የት ነው?" ትል ነበር።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጎሳዬ ከጆንያው አንድ የኮከብ ፎቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ኮከብ ነው።"

"የምን ኮከብ? የማን ምልክት ነው?"

"የሰማይ ኮከብ ነው፣ ጎሳዬ። ማታ የሚወጣው።"

"እነዚህ ሦስቱ በሰልፍ የቆሙትስ? ይኼ ካርታ ነው። ነጥቡ የሰዎቻችሁ ቤት ነው። የቱ ነጥብ የማን እንደሆነ ትናገራለህ።"

"ወላሂ ኮከብ ነው። ሲመሽ ውጣና አስተያየው።"

ጎሳዬ በጥፊ መታው። "ቀና ብዬ ሰማይ ሳይ ልታመልጥ?" አለ።

ቲጃኒ ስለ ልጁ ነገራቸው። በቀን ላሳያት ብዬ ነው አለ። አንዱ ጥበቃ ሳቀ። ጎሳዬ አልሳቀም፤ ግን አላመነም፤ ወይም አመነና ማመኑን ፈራ። ውስጥ እግሩን ገረፉት። የሚናገረው ሌላ ነገር ስላልነበረው ያንኑ ደጋገመ፤ መደጋገሙም ግትርነት ሆነበት። ከሳምንታት በኋላ ከቀበሌው አውጥተው ወደ ትልቁ እስር ቤት አዛወሩት።

እዚያ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ የወርቅዬን ልጅ ዓለምብርሃንን አገኘው። የልጁ ፊት አብጦ ስለነበር ቲጃኒ መጀመሪያ አላወቀውም ነበር። ጎን ለጎን ሆኑ። ዓለምብርሃን ብዙ አያወራም። አንድ ምሽት ግን ሰዎች በር ላይ ቆመው ስም ሲጠሩ፣ የራሱ ስም ከመድረሱ በፊት እንደሚጠራ ያወቀ ይመስል የቲጃኒን እጅ ያዘ።

"ጋሽ ቲጃኒ፣ የኔ ፎቶ ኔጌቲቭ አለ አይደል?"

"አለ።"

"ከዚህ ሲወጡ ለእናቴ ትልቅ አድርገው ይጠቡላት። ሌላ ፎቶ የላትም።"

"እሺ፣ ልጄ። አጥብላታለሁ።"

ስሙ ተጠራ። ሸሚዙን አስተካክሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ዘይቡ በየጊዜው ስንቅ ታመጣለች። አልፎ አልፎ ፊት ለፊት ሲገናኙ ቲጃኒ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ "ዓይኗ እንዴት ነው?" ዘይቡ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" ትላለች። ሲደጋግምባት ደግሞ መሬት መሬት እያየች "ደህና ናት አልኩህ እኮ" ትለዋለች።

በ1971 ክረምት፣ ምንም ሳይጠየቅ፣ ምክንያቱ ሳይነገረው፣ ውጣ ተባለ። ወጣ። ዝናብ እየዘነበ በእግሩ ሄርማታ ደረሰ። ሐጂራ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቁመቷ ረዝሟል። የእግሩ ኮቴ ሲሰማት እጇ ቆመ፤ ፊቷ ግን ወደ እሱ አልዞረም።

"ማነው?"

ቲጃኒ ወደ እሷ ተራመደ።

"አባ?" አለች። ተነስታ እጇን ዘረጋች። ፊቱን ዳሰሰችው፤ ጉንጩን፣ አገጩን። "ከስተሃል" አለች።

"ታይኛለሽ?"

"ፀሐይ ሲሆን በሩ ክፍት መሆኑን አያለሁ።"

ዘይቡ ከመርካቶ ስትመለስ ባሏን አግኝታ አለቀሰች። ቲጃኒ ቆይቶ የትራሷ ሥር ፎቶዎች የት እንዳሉ ጠየቀ። ዘይቡ እሱ በተያዘበት ጠዋት፣ ጥበቃዎቹ ወጥተው ሳይርቁ፣ ሁሉንም ምድጃ ውስጥ እንደጨመረቻቸው ነገረችው። ተመልሰው መጥተው ቢያገኟቸው እሷንም ይወስዳሉ፣ ልጅቷ ለማን ትቀራለች ብላ ነበር። "እያለቀሰች ነው ከእጇ የነጠቅኳት" አለች። ቲጃኒ አልተቆጣም። እሱም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር።

"ትንሽ ትንሽ አስታውሳቸዋለሁ" አለች ሐጂራ ከጥግ ሆና። "ሦስቱን በመስመር የቆሙትን አስታውሳለሁ።" ትንሽ አሰበች። "ግን አሁን ሳስባቸው ሰማዩ ነው ጥቁሩ ወይስ ኮከቡ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።"

ቲጃኒ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ለእሷ አሁን ጥቁር ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ አቅቶት መልሶ ዘጋው።

ከሳምንት በኋላ ወርቅዬ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ልጇ ምን እንደሆነ ማንም በይፋ አልነገራትም፣ ግን ታውቃለች። "ቲጃኒ፣ የልጄን ፎቶ አውጣልኝ" አለችው። ቲጃኒ ከወጣ ጀምሮ ጎሳዬ ዘንድ ሄዶ ለምኖ ነበር። ካሜራውን መለሱለት፤ ሌንሱ ጠፍቷል። ኔጌቲቩ በሙሉ ጆንያው ሲያስቸግራቸው በቀበሌው ጓሮ እንደተቃጠለ ነገሩት። ከኮከቡ ጋር የሰው ፊት ሁሉ ተቃጥሎ ነበር፤ ሙሽሮቹ፣ ገበሬዎቹ፣ ተማሪዎቹ።

"የለም፣ እቴ" አላት። "ሁሉም ተቃጠለ።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ወርቅዬ ለረጅም ጊዜ ባሕሩ የተሳለበትን አቡጀዲ እያየች ቆመች። "እዚህ ጋ ነበር የቆመው" አለችና ወጣች። ልጇ በእስር ቤት የነገረውን ሊነግራት አስቦ ነበር፤ አልነገራትም። ከእሷ በኋላ ሌሎች እናቶችም መጡ። የሰፈሩ ልጆች ፎቶ የተነሱት እሱ ዘንድ ነበርና። ለእያንዳንዳቸው ያንኑ መለሰ። ቆርቆሮው ላይ ባልወጣሁ ኖሮ፣ ኮከብ ባላነሳሁ ኖሮ እያለ ሌሊት ሲያጉረመርም ዘይቡ ትሰማው ነበር። "የአላህ ነገር ነው" ስትለው ይበልጥ ያመዋል።

ከዚያ ወዲያ የሚያነሳው ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆነ። ጎሳዬም አንድ ቀን መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቲጃኒ ስለ ልጆቹ አልጠየቀውም፤ ምንም አልጠየቀውም። እንደተቆለፈ አነሳው። የሄርማታ ሰዎችም ከዚያ በኋላ ቲጃኒ ያነሳው ሰው ሁሉ የተከሰሰ ይመስላል ይሉ ጀመር። አንድ ጊዜ ለሥራ አጋሮ ሄዶ ነበር። አባባ አብተው ሞተው፣ ማስጫው ሜዳ ላይ በጄኔሬተር የሚበራ ትልቅ መብራት ተተክሎ አገኘ። ማቆሚያውን እንኳ አላወረደም።

ሐጂራ አደገች። ብርሃኑም ጨርሶ ጠፋባት። ቁርአንን በቃሏ ይዛ ለሰፈሩ ሴት ልጆች እያቀራች ታስተምራለች። ለትዳር የጠየቃት አልነበረም። እናትና ልጅ ስለዚህ አይነጋገሩም።

በ1978 ሚያዝያ ላይ ጅራታም ኮከብ እንደሚታይ ራዲዮ አወራ። በሰው ዕድሜ አንዴ ብቻ የሚመጣ ነው ተባለ። ከራት በኋላ የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ ማየት ጀመረ። የልጆች ጩኸት እስከ ቤታቸው ይሰማል። ቲጃኒ ጋቢውን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከታሰረ ወዲህ ማታ ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም።

"አባ፣ ውጣና አይተህ ንገረኝ" አለች ሐጂራ።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ንገረኝ ብቻ።"

እንቢ ሊላት አልቻለም። ተነስቶ ግቢው መካከል ቆመና ቀና አለ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ ነበር። ከደቡብ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ በላይ፣ አንዲት የደበዘዘች ብርሃን ጭስ የመሰለ ነገር አስከትላ ቆማለች። አያት። ለሐጂራ ምን ብሎ እንደሚነግራት አሰበ። ጭስ ይመስላል እንዳይላት ጭስን አሁን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ደብዛዛ ነው እንዳይላት ያ ቃል ለእሷ ምኗም አይደለም። ብዙ ቆመ። ጎረቤቶች በአጥሩ ማዶ "ጋሽ ቲጃኒ፣ አዩት?" ብለው ጠየቁት፤ ጋቢውን ሰብስቦ ዞረ።

ሲገባ ሐጂራ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትጠብቀዋለች።

"አየኸው?"

"ደመና ነው" አላት። "ምንም አይታይም።"

ሐጂራ "እሺ" አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ጠዋት ቲጃኒ ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ግን እናቷን "እማ፣ ደመና ሲኖር አየሩ ይሸተኛል። ትናንት ማታ ደመና አልነበረም" አለቻት።

ዘይቡ ምንጣፉን መጥረጓን ቀጠለች።